ቤተ ልሔም በቅጥራችን ውስጥ፦ የገና ምሥጢር በቀላል አማርኛ

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው። ባለፈው የገና ሰሞን በስልክ ስናወራ ሁለት ጥያቄ አከታተለችብኝ። መጀመሪያ «አጎቴ፣ ለምንድን ነው እኛ ገና ሁለት ጊዜ ያለን?» አለችኝ። መልሱን ሳልጨርስ ሁለተኛውን አመጣች። «እግዚአብሔር ሁሉን የሚችል ከሆነ ለምን ከብቶች የሚበሉበት ላይ ተኛ?»

ለመጀመሪያው የሆነ ነገር መለስኩላት። ለሁለተኛው «ትሑት ስለሆነ ነው የኔ ቆንጆ» ብዬ አለፍኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከነከነኝ። ያልኳት ስሕተት የለውም። ግን ምንም አልነገርኳትም። ልጅቷ የጠየቀችው የክርስትናን ዋና ጥያቄ ነው። ሊቃውንት ለዘመናት የተከራከሩበት፣ ጉባኤ የተጠራበት፣ ጳጳሳት የተሰደዱበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እንደገና ልመልስላት አልኩ። እግረ መንገዴን እንደኔ በየዓመቱ ገናን እያከበረ «ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ሲባል ለሚቸገር ሰውም ይሁን።

ከቀላሉ ልጀምር። ከቀኑ።

በዓሉ ሁለት አይደለም። ሁለት የሆነው ካላንደሩ ነው። ድሮ የክርስቲያኑ ዓለም በአብዛኛው የሚቆጥረው በዩልዮስ ቄሣር ካላንደር ነበር። በፈረንጆች 1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ያንን ካላንደር አስተካከሉና 10 ቀን ተዘለለ። ልዩነቱ እያደገ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል። የኛ ልደት በድሮው ካላንደር ዲሴምበር 25 ላይ ነው የሚውለው። ግብጾች፣ ሩሲያዎችና ሰርቦችም በዚሁ ቀን ያከብራሉ። በአገራችን ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም በአብዛኛው ታኅሣሥ 29ን ይዞ ነው የሚያከብረው።

የኛ አባቶች ቀኑን የሚያሰሉበት መንገድ ግን ደስ ይላል። የሚነሱት ከመጋቢት 29 ነው። መልአኩ ገብርኤል ለድንግል ማርያም ያበሠረበት፣ እሷም የፀነሰችበት ቀን ነው ይላሉ። ከዚያ 9 ወር ከ5 ቀን ይቆጥራሉ። 275 ቀን ይሆናል። ታኅሣሥ 29 ላይ ያደርሳቸዋል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ጊዜ ደግሞ አንድ ቀን ስለሚጨመር፣ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚያው ይሆናል።

አንድ ቀን እንኳ እንዳትዛነፍ ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን? ወንጌል ራሱ ቀኑን አይጽፍም። እኔ ነገሩ የገባኝ እህቴ ነፍሰ ጡር በነበረች ጊዜ ነው። እናታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ቀን ትቆጥርላት ነበር። «ወሯ ገብቷል»፣ «አሁን ሁለት ሳምንት ቀራት» እያለች። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ያንኑ ነው የሚያደርገው። የአንዲት እናት ቀን ነው የሚቆጥረው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ትልቁ እምነት ተቀምጧል። እግዚአብሔር ጎልማሳ መስሎ ከሰማይ ዱብ አላለም። ተፀነሰ። በማኅፀን 9 ወር ከ5 ቀን ቆየ። እንደማንኛችንም ተወለደ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በየቀኑ በእጃችን እየጻፍን የማናስተውለው ነው። መታወቂያ ላይ፣ ደረሰኝ ላይ፣ የቤት ኪራይ ውል ላይ «ዓ.ም.» ብለን እንጽፋለን። ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። የይቅርታ ዓመት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዘመን አባቶች ዓመተ ፍዳ ወይም ዓመተ ኩነኔ ይሉታል። አዳም ከገነት ሲወጣ «በ5 ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚል ቃል ኪዳን እንደተሰጠው በትውፊታችን ይነገራል። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና 5 ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ይሆናል። ቁጥሩን እንደ ታሪክም ውሰዱት እንደ ምሳሌ፣ የሚናገረው አንድ ነው። ሰው ረጅም ጊዜ ጠብቋል። ጠብቆም አላፈረም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብታችሁ ደብዳቤ ላይ ቀን ስትጽፉ ስለ ገና እየመሰከራችሁ ነው።

ያንን መጠበቅ ነው በጾሙ የምንቀምሰው። የገና ጾም ትክክለኛ ስሙ ጾመ ነቢያት ነው። ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይቆያል። ነቢያት «መቼ ይሆን?» እያሉ የጠበቁትን እኛ ከሆነ በኋላ ቆመን እንጠብቀዋለን። ከበዓሉ በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታትም ስም አላቸው፦ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው። በዚህ ወቅት የመዝሙረ ዳዊት ልመናዎች ይሰማሉ። «እጅህን ከአርያም ላክ» ይላል አንዱ። «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» ይላል ሌላው። ላክ፣ ላክ፣ ላክ ነው ልመናው። ነቢያቱ እጁን እንዲልክ ለመኑ። እሱ ግን ራሱ መጣ። ኢሳይያስ የጻፈው ስምም ይህንኑ ይላል። አማኑኤል፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር።

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ምሥጢረ ሥጋዌ ትለዋለች። ሥጋዌ ሥጋ መሆን ማለት ነው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ እምነቱ ከቆመባቸው አምስት ምሰሶዎች፣ አንዱ ነው። የዮሐንስ ወንጌል በአጭሩ ይናገረዋል። «ቃልም ሥጋ ሆነ፤ ጸጋንና እውነትንም ተመልቶ በእኛ አደረ።» ሊቃውንቱ ክርስቶስ ሁለት ልደት አለው ይላሉ። የመጀመሪያው ከዘመን በፊት ከአብ ያለ እናት የተወለደው ነው። ሁለተኛው በዘመን ውስጥ ከድንግል ማርያም ያለ አባት የተወለደው ነው። በገና የምናከብረው ሁለተኛውን ነው። ልብ በሉ፣ የእኔና የእናንተ ልደት መጀመሪያችን ነው። ከዚያ በፊት አልነበርንም። እሱ ግን ነበረ። የነበረው ነው ያልነበረውን ሥጋ የራሱ ያደረገው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ አርዮስ የሚባል ቄስ ይህን አልቀበልም አለ። ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ አስተማረ። ነገሩ ቃላት መሰንጠቅ ሊመስል ይችላል። ግን አስቡት። አርዮስ ልክ ከሆነ ግርግሙ ውስጥ የተኛው መልእክተኛ ነው። ትልቅ ቢሆንም መልእክተኛ ነው። እግዚአብሔር ራሱ አልመጣም ማለት ነው። ችግር ላይ ያለ ሰው ዘመዱ ራሱ ሲደርስለትና «ሰው ልኬልሃለሁ» ሲለው ልዩነቱ ይገባዋል። በ325 (በጎርጎርዮስ አቆጣጠር) በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ ወልድ ከአብ ጋር በመለኮቱ እኩል ነው ብለው ወሰኑ። «ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ እኛን ለማዳን ከሰማይ ወረደ» የምንለው የእምነት ጸሎት መሠረቱ የተጣለው እዚያ ነው።

ከጉባኤው በኋላ ለዚህ እምነት ብዙ የተንገላታው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ከመንበሩ ደጋግሞ ተሰዷል። ለኛ ሩቅ ሰው አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። አትናቴዎስ የእህቴን ልጅ ጥያቄ በሌላ አነጋገር አንስቶታል። እግዚአብሔር ዓለምን በቃሉ ከፈጠረ፣ ለምን «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ብቻ አልጨረሰውም? መልሱን ሲሰጥ የሠዓሊ ምሳሌ ያመጣል። በእንጨት ሠሌዳ ላይ የተሣለ የሰው መልክ አለ እንበል። ሥዕሉ ቆሸሸ፣ ተበላሸ። ሠሌዳው አይጣልም፤ መልኩ ስላለበት ይወደዳል። የሚደረገው ምንድን ነው? የተሣለው ሰው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ሠዓሊው ፊት ይቀመጣል። በዚያው እንጨት ላይ መልኩ እንደገና ይሣላል። አዳም በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ። መልኩ ተበላሸ። ስለዚህ ባለ መልኩ መጣ።

ይህ ምሳሌ ለእኔ ብዙ ነገር ፈታልኝ። ይቅርታ በቃል ይሰጣል። መልክ ግን በቃል አይመለስም። ሞት ሥጋችን ውስጥ ገብቶ ነበርና ሕይወት የሆነው ራሱ ወደ ሥጋችን መግባት ነበረበት።

እንዴት ገባ? ብዙ ጊዜ «ሥጋን ለበሰ» እንላለን። አባባሉ ጥሩ ነው፣ ግን ልብስ ይወልቃል። ክርስቶስ ሰውነትን ለ33 ዓመት ለብሶ ያወለቀው ካባ አይደለም። ከዚያው ሥጋ ጋር ተነሣ፣ ከዚያው ሥጋ ጋር ዐረገ። ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያናችን ተዋሕዶ የሚለውን ቃል በስሟ ላይ ያኖረችው። ሁለት የነበረው አንድ ሆነ፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት።

አባቶች እዚህ ላይ የብረትና የእሳትን ምሳሌ ይወዳሉ። ልጅ ሳለሁ ቀጥቃጭ ቤት እየሄድኩ ወናፉ ሲነፋ ቆሜ አይ ነበር። ጥቁሩ ብረት ፍሙ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በጉጠት ሲወጣ ብረቱ የት ጋ አልቆ እሳቱ የት ጋ እንደሚጀምር ማንም አይለይም። ይፈጃል፤ ይህ የእሳቱ ነው። ይቀጠቀጣል፣ ይጎብጣል፤ ይህ የብረቱ ነው። ግን ሁለት ነገር አልያዝክም። አንድ የጋለ ብረት ነው የያዝከው። መዶሻው ሲያርፍበት ብረቱ ይቀበላል፣ እሳቱ ግን አይሰበርም። በግርግም የተኛው፣ የራበው፣ ያለቀሰው፣ ኋላም የተሰቀለው አንድ ክርስቶስ ነው። መከራውን በሥጋው ተቀበለ። አምላክነቱ ግን አልተሰበረም።

ካቶሊኮችና አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ይህንን ሲገልጹ «ሁለት ባሕርይ» ይላሉ። እኛ «በተዋሕዶ የከበረ አንድ ባሕርይ» እንላለን። በ451 ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የተለያየንበት ነው። ልዩነቱን አላቃልለውም። ግን በገና ሌሊት ሁሉም ያለ ማመንታት የሚሉት አንድ ነገር አለ። ይህ ሕፃን ፍጹም አምላክ ነው፣ ፍጹም ሰውም ነው።

እስካሁን እንዴት እንደሆነ ነው ያየነው። ለምን የሚለው ይቀራል። በቅዳሴ ማርያም ላይ የምንሰማው አንድ ቃል አለ። «ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እመንበሩ ወአብጽሖ እስከ ለሞት።» ፍቅር ኃያሉን ወልድ ከዙፋኑ ሳበው፣ እስከ ሞትም አደረሰው ማለት ነው። «ሳበው» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ማንም ሊስበው የማይችለውን የሳበው ፍቅር ነው። የተሳበውም ለደኅና ሰዎች አልነበረም። ለጠፋን ነው።

ወደ ግርግሙ እንሂድ። ሉቃስ እንዲህ ይላል። «የበኵር ልጅዋንም ወለደች፥ በመጠቅለያም ጠቀለለችው፤ በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው።»

ግርግም የከብት መኖ የሚቀርብበት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን የምታውቀው በመስታወት ውስጥ ከተደረደሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ምስሎች ነው። ንጹሕ ነው፣ ጭዱም ወርቅ ይመስላል። እኔ ግን የማስበው የአያቴን ቤት ነው። ደጋ ነው አገሩ። ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ቤቷ ክብ ነው። በአንድ በኩል መደብ፣ በሌላው በኩል ጋጣ። ልጆች ሆነን ከመደቡ ላይ ቁርበት ለብሰን ስንተኛ በሬው ከኛ ሦስት ክንድ አይርቅም። ሲያመሰኳ ይሰማል። ሲተነፍስ ጭስ የመሰለ ይወጣል። የእበቱና የጭዱ ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። ብርድ ሲበረታ አያቴ «ወደ ጋጣው ጠጋ በሉ፣ የከብቱ ትንፋሽ ያሞቃችኋል» ትለን ነበር። እውነቷን ነው፣ ያሞቃል።

ቅዱስ ሉቃስ የከብቶቹን ስም አልጻፈም። በትውፊታችን ግን ላምና አህያ እስትንፋሳቸውን ገበሩለት ይባላል። ሌላ የሚሰጡት ስላልነበራቸው ትንፋሻቸውን ሰጡት፣ በእሱም አሞቁት። ኢሳይያስም «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ» ብሎ ነበር። አሁን ይህንን ከዘፍጥረት ጋር አስተያዩት። በመጀመሪያ እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር አበጀው፣ በአፍንጫውም የሕይወት እስትንፋስ እፍ አለበት። እዚያ እስትንፋስ የሰጠው እሱ ነው። እዚህ በብርድ ሌሊት የከብት እስትንፋስ የሚቀበለው እሱ ነው። ሰጪው ተቀባይ ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስ «ራሱን ባዶ አደረገ» ያለው ይህንን ነው። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ግን ይህን ክፍል በስብከት ስትሰማ ታለቅስ ነበር። ብርዱን ታውቀዋለች፣ ትንፋሹንም ታውቀዋለች።

በፍልስጤም፣ በዌስት ባንክ ያለችው ቤተ ልሔም ዛሬም ቆማለች። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የልደቱ ቦታ ዋሻ እንደነበር ጽፏል። በዚያ ዋሻ ላይ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በቆስጠንጢኖስ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እንደገና ታንጿል። መግቢያ በሩ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ20 ገደማ ብቻ ነው። የጠበበው ፈረሰኛ እንዳይገባበት ነው ይባላል። ዛሬ ግን ንጉሥም ቢሆን ፕሬዚዳንት ጎንበስ ሳይል አያልፍም።

ምሥራቹ መጀመሪያ የተነገረውም ጎንበስ ማለት ለለመዱ ሰዎች ነው። ለእረኞች። በኛ አገር እረኛ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ከቤቱ ልጅ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው፣ ዝናብ የሚመታው፣ ምሳው ቆሎ የሆነው ነው። መልአኩ ለእነሱ «ሕፃን ተጠቅሎ በግርግምም ተኝቶ ታገኛላችሁ» ብሎ ምልክት ሰጣቸው። ይህ ምልክት ለእረኛ የሚሆን ነው። ቤተ መንግሥት ሂዱ ቢባሉ ማን በር ይከፍትላቸዋል? ግርግም ግን ያውቁታል። በሩ ክፍት ነው። መግባትም አያሳፍራቸውም።

የገና ጨዋታም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ሩር መቱ፣ ጨዋታው ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለው ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ቀን እረኛውና ባለርስቱ በአንድ ሜዳ ይሯሯጣሉ። ሩሯ ጌታውን ብትመታው መቆጣት የለም። ጌቶች ሁሉ የሚያጎነብሱለት ጌታ እረኞች መሃል ከተገኘ፣ ሌላው ጌታ በምን ሊቆጣ ይችላል?

ላሊበላ ላይ ደግሞ ይህንኑ በዓይን ታዩታላችሁ። በልደት ጠዋት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ሁለት ቦታ ይቆማሉ። ነጭ የለበሱት ከላይ ከዓለቱ አፋፍ፣ ሌሎቹ ከታች ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር። የላዮቹ መላእክትን ያስባሉ፣ የታቾቹ ሰዎችን። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ይቀባበላሉ። የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። «ዮም» የሚለውን አስተውሉ። ዛሬ ይላል። ሰማይና ምድር ተራርቀው የቆዩ ነበሩ፤ በዚያ ዝማሬ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል።

ከምሥራቅ የመጡት ሰብአ ሰገል ስጦታቸው ሦስት ነው። ወርቅ ለመንግሥቱ፣ ዕጣን ለክህነቱ፣ ከርቤ ለሞቱ ብለን ተምረናል። ዕጣንና ከርቤን እኛ በደንብ እናውቃቸዋለን፣ ዛፎቹ አገራችን ይበቅላሉ። ከርቤ መራራ ነው። የጌታ ሥጋ ለመቃብር ሲዘጋጅም ከርቤ መጥቷል። አራስ ቤት የመቃብር ሽቱ ይዞ መግባት እንግዳ ነገር ነው። እናቱ ግን ተቀበለች። ገና ውስጥ ስቅለት ከመጀመሪያው ቀን አለ።

ስደትም አለ። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ፈለገ፣ በቤተ ልሔም ያሉ ሕፃናትን አስፈጀ። ዮሴፍ እናቲቱንና ልጇን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ። ገናን ስናስብ ይህንን መዝለል እንወዳለን። እኔ ግን ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች፣ ታኅሣሥ 29ን በሥራ ቀን የምታሳልፍ እህት ከሁላችንም በላይ ለዚህ ታሪክ ትቀርባለች ብዬ አምናለሁ። ነጠላዋን ሻንጣ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣለች። በስልኳ ቅዳሴውን በቀስታ ከፍታ ዕቃ ታጥባለች። የተወለደው ጌታ የሷን መንገድ ሄዶበታል። አማኑኤል ማለት ለሷም ነው።

ስለ ድግሱ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ሰው መብሉ መንፈሳዊውን ነገር አበላሸው ይላል። ከመጠን ያለፈው፣ ለታይታ የሆነው፣ ብድር የሚያስገባው እውነትም ያበላሻል። ግን በመብሉ በራሱ አላፍርም። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውል እንኳ አይጾምም፣ ይበላበታል። እግዚአብሔር ሥጋን ካከበረው፣ የኛ ሥጋ በዚያ ቀን ቢደሰት ተገቢ ነው። ዶሮውም፣ የቅርጫው ሥጋም፣ ቄጤማውም በረከት ነው። ጥያቄው ግርግሙ አጠገብ ማን ቀረ የሚለው ነው። ከጎናችሁ ብቻውን የሚኖር ሰው ካለ፣ ከቤቱ የወጥ ሽታ የማይወጣ ጎረቤት ካለ፣ ጌታ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» ብሏል። እንደዚያ ሲል ማጋነኑ አልነበረም። ከሚያንሱት አንዱ ሆኖ ነው የተወለደው።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ እችል ይመስለኛል። ለምን ከብቶች የሚበሉበት ላይ ተኛ?

በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ፣ ከዋናው ሕንፃ በስተ ምሥራቅ፣ አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ልጅ ሆነን ወደዚያ ስንጠጋ እንባረር ነበር። በሯ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ሌሊት ከጣሪያዋ ሥር ጭስ ይወጣል። የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ስንዴው በንጽሕና ይፈጫል። ሴት አያቶች ያመጡትን መገበሪያ ዲያቆናቱ ራሳቸው ያቦኩታል፣ ይጋግሩታል። የዚህች ቤት ስም ቤተ ልሔም ነው። ስንት ዓመት «ቤተ ልሔም» ስል ኖሬ የጌታ ከተማ ስም መሆኑን ያስተዋልኩት አድጌ ነው። ቃሉ በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት መሆኑን ደግሞ ቆይቼ ሰማሁ። «ከሰማይ የወረደ ሕያው እንጀራ እኔ ነኝ» ያለው ጌታ በእንጀራ ቤት ተወለደ። የተኛውም የሚበላ ነገር በሚቀመጥበት ላይ ነው። ልጄ፣ እዚያ የተኛው ምግብ ሊሆነን ስለመጣ ነው።

በልደት ሌሊት ይህ ሁሉ ከዓይናችን ፊት ይሆናል። መጀመሪያ ቃጭሉ ይሰማል። ከዚያ ከቤተ ልሔም በር ጧፍ የያዘ ዲያቆን ይወጣል። ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ጥላ ተይዞለት፣ በብርዱ ውስጥ ወደ መቅደስ ይሄዳል። በግቢው የቆመው ሕዝብ ሁሉ እንደ ጤፍ አዝመራ ዝቅ ይላል። ነጭ ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መጋረጃው ይከፈታል። ከካህናቱ ቀጥሎ የሚቀርቡት ሕፃናት ናቸው። አምና አንዲት እናት ከፊቴ ቆማ ነበር። ልጇ በነጠላ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ተራዋ ሲደርስ ጉንጩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። አልነቃም። ካህኑ ታገሡ። እሷ ጎንበስ ብላ ፊቱ ላይ በቀስታ እፍ አለችበት። ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ከፈተ።